ንጹሕ የተባለው ደም

መስከረም 21

ይድረስ ለእህቴ ለሚጣ፣

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ እንዴት ነው? ባልሽ ቀያሹስ፣ ዛሬም የቤታችሁን ግድግዳ በሜትር እየለካ ጠማማ ነው ይልሻል? ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት በቀር ምንም ስላልመለስኩልሽ ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው።

የእናታችን ዐይን ቢጫ የሆነው ከመሞቷ ስንት ወር በፊት እንደሆነ ለምን ድንገት እንደጠየቅሁሽ ግራ ገብቶሻል። ላቦራቶሪያችን አዲስ ምርመራ ጀምሯል። በደም ውስጥ የጉበት ቫይረስ ዲኤንኤ መኖር አለመኖሩን የሚፈልግ ነው። ስለ ጉበት ሳስብ እሷ ትዝ ትለኛለች፤ ለዚህ ነው።

ምርመራው ግን አስቸግሮናል። የበሽተኞችን ደም በመረመርን ቁጥር አብሮ አንድ ንጹሕ ደም ይገባል፤ ምንም እንደሌለበት የምናውቀው ማለቴ ነው። ማሽኑ እሱ ላይ ዝም ካለ ሥራው ደህና ነው። እሱም ላይ ቫይረስ አገኘሁ ካለ ግን አንድ ቦታ ተበክሏል ማለት ስለሆነ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል። ያ ንጹሕ ደም ሁልጊዜ የእኔ ነው። ደም ሥሬ እንደ ገመድ ጎልቶ ስለሚታይ አንዱ ባልደረባዬ "ላሚቱ" የሚል ስም አውጥቶልኛል፤ ንጹሑ ደም ባለቀ ቁጥር እኔ ነኝ የምታለበው። ታዲያ ከነሐሴ ጀምሮ ንጹሑ አልጸዳ ብሎናል። ጠረጴዛውን በበረኪና ስድስት ጊዜ አጠብን። ውሃውንም ጓንቱንም ቱቦውንም ቀየርን። መጨረሻ ላይ እርስ በርሳችን በጎሪጥ መተያየት ጀመርን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጤና ጣቢያ ሂጂና ነርሷን ሁለት ቱቦ ደም አስቀጂያት፤ በአውቶቡሱ ሹፌር ላኪልኝ። ስምሽን አትጻፊበት። ለማነጻጸር ብቻ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ያው ትምህርት ቤታችሁ ያለው አንድ ስልክ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ነው። የአንቺ ደም የመምህራን ስብሰባ አጀንዳ እንዲሆን አልፈልግም።

እታለምሽ

ጥቅምት 2

ይድረስ ለእታለም፣

ደሙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ነርሷ "ለምን ምርመራ ነው?" ብትለኝ "እህቴ ታውቃለች" አልኳት። አላወቅሽም ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ያወቅሽውን አልነገርሽኝም ብዬ ነው የጠረጠርኩት።

በሹፌሩ አፍ ለላክሽብኝ ጥያቄ መልሱ ይኸውልሽ። ስምንተኛ ወሬን ጀምሬያለሁ። ዐይኔ ቢጫ አይደለም፤ ባሌ ፀሐይ ላይ አቁሞ ሁለቱንም አይቶልኛል፣ "ነጭ ነው፣ ትንሽ ግን ይቆጣል" ብሏል። ድካም አለብኝ ወይ ላልሽው፣ ስልሳ ልጅ የሚያስተምር ሰው ድካሙ ከምን እንደመጣ በምን ያውቃል? ሰሞኑን ደግሞ የፈተና ስቴንስል ስቆርጥ ነው የከረምኩት። ማባዣው ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ትቶ ቀሚሴ ላይ ይተፋዋል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። እዚያ ከሄድሽ አሥራ አራት ዓመትሽ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ "እኔ ደህና ነኝ" ሳትዪ የጀመርሽው ደብዳቤ የለም። እጅሽ ተሰብሮ በግራሽ የጻፍሽው እንኳ፣ ያ ዶሮ የጫረው የሚመስለው፣ "እኔ ደህና ነኝ" ብሎ ነው የጀመረው። ያሁኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የለም።

ፈርቻለሁ፣ እታለም። የማንን ደም ከማን ደም ጋር ነው የምታነጻጽሪው?

ሚጣ

ጥቅምት 19

ሚጣዬ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ከማን ጋር ላልሽው፣ የአንቺን ከእኔ ጋር ነው። ቫይረሱ እኔም ላይ አለ፣ አንቺም ላይ አለ።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲታጠብ የከረመው ጠረጴዛ ምንም አልነበረበትም። የተበከለው ንጹሕ የተባለው ደም ነው። ሥራ ስጀምር የዚህን ቫይረስ ክትባት ሦስቱንም ወስጃለሁ፤ ካርዱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስለዚህ እኔን የጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠረጠርኩም። ክትባት ደግሞ ቀድሞ የገባን አያስወጣም። ይህን ለስንቱ ሰው አስረድቻለሁ መሰለሽ። ስድስተኛው እጥበት ሲያልቅ አለቃዬ "እስቲ ዛሬ የእኔን አስገቡት" አሉ፤ አስገባነው። ማሽኑ ዝም አለ። ያንን የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው። ለማነጻጸር ብቻ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር።

ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ በሥራሽ ላስረዳሽ። የፈተናውን ስቴንስል ቆርጠሽ በማባዣው ታወጫለሽ። የተባዛውን ሁሉ ሰብስበሽ ብታቃጥዪው፣ ስቴንስሉ ካቢኔ ውስጥ እስካለ ድረስ ነገ ሌላ ሁለት መቶ ይወጣል። ይህ ቫይረስ ጉበት ውስጥ ይገባና ዲኤንኤውን እንደ ቀለበት ገጥሞ የሕዋሱ ኒውክለስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የእኛው ዲኤንኤ የሚኖርበት ጓዳ ማለት ነው። ከዚያ የሕዋሳችን የራሱ ማሽን ሳይጠይቅ ወደ አር ኤን ኤ ይገለብጥለታል። ቫይረሱ ደግሞ የራሱን ገልባጭ ይዞ ይመጣና አር ኤን ኤውን መልሶ ዲኤንኤ ያደርገዋል። መድኃኒቱ የሚያግደው ይህን ሁለተኛውን ገልባጭ ነው። ቀለበቱን የሚነካ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

ለአንቺ ለራስሽ ዛሬ የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ ነርሷ የቀዳችው ደም ጉበትሽ ደህና መሆኑን ይናገራል። የሚያስጨንቀኝ ልጁ ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው ባብዛኛው በምጥ ሰዓት ነው። ሲወለድ የያዘው ሰው ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። በደምሽ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚቀንስ እንክብል ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ዋጪ። ሥራውን በደንብ እንዲሠራ ግን ሁለት ወር ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ እኛ የቀረን አምስት ሳምንት ነው። የጎደለውን ጊዜ እኔ ነኝ ጠረጴዛ ላይ ያፈሰስኩት። ይህን በቃል ልነግርሽ አልችልም ነበር፤ ስለጻፍኩት ይቅር በይኝ።

እታለም

ጥቅምት 27

እታለም፣

ተቀመጪ ስላልሽኝ ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ሰው ሳያየኝ የምቀመጥበት ሌላ ቦታ የለኝም። ልጆቹን ገጽ አርባ ሁለትን ቅዱ አልኳቸውና ደብዳቤሽን የስም መጥሪያው ውስጥ ከትቼ አነበብኩ። ሲጨርሱ "ቲቸር ጨርሰናል" አሉኝ። እንደገና ቅዱት አልኳቸው።

ተናድጄብሻለሁ። ሰው እንዴት የራሱን ደም ከመጠርጠር ሰባት ሳምንት ጠረጴዛ ሲያጥብ ይከርማል? ከዚያ ደግሞ አውቀሽ እንኳ ወር ሙሉ ነገር በሆድሽ ይዘሽ። እኔ እኮ በዚያ ወር የሕፃን ካልሲ ስሠራ ነበር። ንዴቴ ይበርድልኛል፤ ፍርሃቴ ነው የማይበርደው። ሆዴ ውስጥ በተገላበጠ ቁጥር "አይዞህ" ልለው እልና አፌ ይያዛል። በገዛ ደሜ ይሆን የምጎዳው?

እንክብሉን እየዋጥኩ ነው። ተወልዶ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላው መከተብ አለበት ብለሽ በብጣሽ ወረቀት የላክሽውን ይዤ ነርሷ ጋ ሄድኩ። "ስድስት ሳምንት ሲሞላው አምጪው፣ ያኔ ነው የምንሰጠው" አለችኝ። በተወለደ ዕለት የሚሰጠው እዚህ ደርሶ አያውቅም። ደግ ሴት ናት፤ የሌላትን ከየት ታምጣ?

ለባሌ አልነገርኩትም። ከየት አመጣሽው ቢለኝ ምን እላለሁ? ታውቂው የለ፣ የድንበር ድንጋይ እንኳ ማን እንዳስቀመጠው ሳይጠይቅ ሜትሩን አይዘረጋም። ማታ ማታ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲበላ ዐይኑን ማየት አቅቶኛል። ያላጠፋሁት ጥፋት እንዲህ ካስፈራኝ ያጠፋ ሰው እንዴት ይተኛል?

ሚጣ

ኅዳር 13

ሚጣዬ፣

ስድብሽን ሁሉ ተቀብያለሁ። ካልሲውን ግን ጨርሺው።

ባልሽን የምትነግሪው ይኸውልሽ። ቫይረሱ ሲገለበጥ ይሳሳታል፤ አንዱን ፊደል በሌላ ይተካል። ስህተቱም ወደሚቀጥለው ቅጂ ያልፋል። የእኔንና የአንቺን ቫይረስ ዲኤንኤ ፊደል በፊደል አስነበብኩት፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ገደማ ፊደል ነው። ከተለመደው የሚለይበት አሥራ ሰባት ቦታ አገኘሁ፤ አሥራ ሰባቱም በእኔም በአንቺም ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለት ልጆች አሥራ ሰባት ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ጽፈው ቢያመጡልሽ ከአንድ ደብተር ነው የቀዳችሁት አትያቸውም? እኔና አንቺ አሥራ አራት ዓመት ተራርቀን ነው የኖርነው። የጋራ ደብተራችን እናታችን ናት። የወፍ በሽታ ነው እየተባለች፣ ምን እንደያዛት ሳታውቅ፣ ምን እንደሰጠችንም ሳታውቅ ሞተች። እንዳትቀየሚያት። ዝርዝሩን በሌላ ወረቀት አድርጌያለሁ፤ ባልሽ ቁጥር ስለሚያምን ቁጥር በቁጥር ነው የጻፍኩት።

ክትባቱን አለቃዬ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አስፈቅደውልኛል። ሦስት ብልቃጥ ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ። ለነርሷም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለ። የነርሷ ፍሪጅ ውስጥ በመካከለኛው መደርደሪያ ይቀመጥ። ሙቀት ይጎዳዋል፣ በረዶ ግን ጭራሽ ይገድለዋል። መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው አላውቅምና እንዲህ ፈትኚው። አንዱን ብልቃጥ ሆን ብለሽ በረዶ አድርጊው፣ ይቅለጥ። ከዚያ እሱንና አንዱን ደህና አንድ ላይ ነቅንቀሽ ጠረጴዛ ላይ አቁሚያቸው። ደህናው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይቆያል። በረዶ የመታው ፍርፋሪ ሠርቶ ታች ይዘቅጣል።

ስለ ራሴ በብጣሽ ወረቀት የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ምርመራ ላይ ነኝ። መጀመሪያ የልጁን እንጨርስ።

እታለም

ኅዳር 18

እታለም፣

ይህን የምጽፈው ስልክ ከደወልኩ በኋላ ነው። አለቃሽ ናቸው ያነሡት። ርዕሰ መምህሩ ጋዜጣ ዘርግተው እያዳመጡ ስለነበር "ወተቱ ተበላሽቷል፣ ቶሎ ሌላ ትላክ" ብዬ ዘጋሁት። "የምን ወተት ነው?" አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። የሕፃን ወተት አልኳቸው። "ገና ሳይወለድ?" አሉኝ። አለቃሽ ምን እንደገባቸው አላውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፤ የጎዳንም ደግነቱ ነው። "ዶክተሯ ቅዝቃዜ ይፈልጋል ስላሉኝ በየከተማው በረዶ እየገዛሁ ብልቃጦቹን ውስጡ ቀብሬ ነው ያመጣኋቸው" አለኝ፤ ምስጋና እየጠበቀ። አመሰገንኩት። ምን ላድርግ?

ነርሷና እኔ እንዳልሽው አደረግን። አንዱን በረዶ አድርገን አቀለጥነው፤ ሁለቱን ነቅንቀን መስኮቱ ጋ አቆምናቸው። አንዱ እንኳ ቀድሞ ይዘቅጣል ብዬ ዐይኔን ሳልነቅል አየሁ። እኩል ዘቀጡ። ሦስተኛውንም ሞከርን፤ ያው ነው። ሦስቱንም መንገድ ላይ በረዶ መቷቸዋል። ወገቤን ከትናንት ጀምሮ እየቆረጠኝ ነው፤ እሷ ግን ገና ነው ትለኛለች።

ለባሌ ነገርኩት። ዝርዝርሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በማስመሪያ መስመር በመስመር አመሳከረው። አሥራ ሰባቱን ቆጥሮ ሲጨርስ "ከእናታችሁ ነዋ" አለ። በማግስቱ ሳልነግረው ሄዶ ደሙን ሰጠ፤ እሱ የለበትም። እኔ ቁጣ ስጠብቅ ነበርና ማልቀስ ስጀምር ግራ ገባው።

ፈራሁ፣ እታለም። በምንም ቢሆን ቶሎ በይ።

ሚጣ

ታኅሣሥ 3

ሚጣዬ፣

ይህ የወተቱ ደብዳቤሽ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየኝ። እኔ ወደ አንቺ ስመጣ እሱ ወደ እኔ ሲመጣ መንገድ ላይ ተላልፈናል። አለቃዬ "ወተት" ሲባሉ ወዲያው ገብቷቸዋል፤ ብልቃጡን በእጃቸው አምጥተው ሰጡኝና ለማንም አደራ እንዳትሰጪ አሉኝ።

ዛሬ በደረሰኝ ደብዳቤሽ፣ ሳልሰነብት በመመለሴ አዝነሻል፤ ልክ ነሽ። "መጥተሽ ልጄን ሳትስሚ መስኮት ጋ ተቀምጠሽ ጣትሽን ስትቆጥሪ ነበር" ያልሽኝም ልክ ነው። ሰዓት እየቆጠርኩ ነበር። ሁለት ቀን ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የሙቀት መለኪያውን እያየሁ ነው የመጣሁት። ድልድዩ ጋ አምስት ሰዓት ሲያቆሙን ከሹፌሩ ጋር ተጣላሁ፤ እሱ ምን ያድርግ? ስደርስ ልጅቷ ተወልዳ ታቅፈሻታል። ነርሷ መዝገቡ ላይ አራት ሰዓት ብላ ጽፋለች፤ አንቺ ስድስት ነው ትያለሽ። በነርሷ ከሆነ የተከተበችው በሃያ ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ በአንቺ ከሆነ በሃያኛው። ባልሽ ሰዓቱን አይቼ ነበር፣ ስድስት ከአሥር ነው ስላለ እሱን ይዣለሁ። ለማንኛውም አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላት ቢሆን በጣም ይሻል ነበር። ይህን ፊትሽን እያየሁ ልነግርሽ ስላልቻልኩ ነው የሸሸሁት።

አዎ፣ አጥቢያት፤ በጡት አይተላለፍም፣ ጡትሽ እንዳይቆስል ብቻ ተጠንቀቂ። አዎ፣ ሳሚያት። አይ፣ ሳህን አትለዪ። አይ፣ አሁን ደሟን ብንመረምር የምናየው አያስተማምንም፤ ዘጠኝ ወር እስኪሞላት መጠበቅ አለብን። ቀሪዎቹን ክትባቶች ነርሷ ባለችው ቀን አድርሺ፤ አንዱም እንዳያልፍሽ። ዘጠኝ ወር ረጅም ነው፤ እኔም እንደ አንቺ ነው የምቆጥረው።

እታለም

ነሐሴ 28

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አለን። ልጄ ዘጠኝ ወሯን ደፍናለች። አባቷ ያወጣላት የቤት ስም እንደጸና ነው፤ በሃያኛው ሰዓት የተከተበች ስለሆነች "ሃያ" ነው የሚላት። ሰው ይህ ምን ዓይነት ስም ነው ሲለው ቁጥር ነው ይላል። ቆማ ለመሄድ የጠረጴዛውን እግር ይዛ ትለማመዳለች፤ አባቷም ከጠረጴዛው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደቀራት ይለካል።

ደሟን ዛሬ አስቀድቼ ልኬልሻለሁ። ለመጀመሪያው መርፌ ዝም አለች፤ በሁለተኛው የጤና ጣቢያውን ጣሪያ አነሣችው። ለሹፌሩ በረዶ የሚባል ነገር እንዳታስገባ ብዬ ሦስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። "ያኔ ያጠፋሁት እስካሁን ይቆጨኛል" አለኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ይዟት ይሆን ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም፤ ልብ ብለሽልኛል? እንቅልፏ ከረዘመ ዐይኗን ከፍቼ አያለሁ። ሽንቷን በፀሐይ አያለሁ። ባሌ ተይ ይለኛል፤ ከዚያ እኔ ዞር ስል እሱም ያያል።

መልሱ መጥፎ ከሆነ አታስረዝሚው። ስለ ስቴንስልና ስለ ቀለበት አትንገሪኝ። አንድ ቃል ጻፊልኝ። ስለ ራስሽም ስድስት ጊዜ ጠይቄሽ ስድስት ጊዜ ስለ ልጄ ነው የመለስሽልኝ። ሁለቱንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሚጣ

መስከረም 9

ይድረስ ለሚጣ፣

እኔ ደህና ነኝ። ዝም ብዬ አይደለም፤ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ። ጉበቴ ላይ ጠባሳ ጀምሯል፤ እንክብሉን ከጥር ጀምሮ እየዋጥኩ ነው፤ ባለፈው ወር ሲያዩኝ ጠባሳው ባለበት ቆሟል። ቫይረሱ እንዳለ ይኖራል፣ እኔም እኖራለሁ። አንቺም በየስድስት ወሩ ትታያለሽ፤ በዚህ ክርክር የለም።

አሁን ወደ እሷ። ቱቦው ላይ ቁጥር ብቻ ጻፍኩበት፣ አርባ አንድ። የማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ የእኔ ነገር በኋላ የሠራተኛ ደም ንጹሕ ተብሎ ማስገባት ተከልክሏል፤ ስለዚህ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራ አልነበረኝም፣ በር ላይ ቆሜ ነበር። ላሚቱ ብሎ የሰየመኝ ባልደረባዬ ውጤቱን ለመዝጋቢዋ እያነበበላት ነው። "ሠላሳ ዘጠኝ፣ አለበት። አርባ፣ የለበትም። አርባ አንድ፣ የለበትም። አርባ ሁለት፣ አለበት።" ቀና እንኳ አላለም።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ብትሰሚ ትስቂብኛለሽ። አላመንኩም። ይደገም አልኩ፤ ተደገመ፤ የለበትም። ቱቦው ተቀያይሮ ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን ቱቦ አስከፈትኩ፤ የለበትም። ክትባቱ ይዟት እንደሆነም አየሁ፤ ደሟ ውስጥ ቫይረሱን የሚመክት ኃይል ከሚፈለገው በላይ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ስላቸው አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው "መጥፎውን ሰባት ሳምንት አላምንም አልሽ፤ ለጥሩው ደግሞ ስንት ሳምንት ልስጥሽ?" አሉኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

የለባትም፣ ሚጣ። አንድ ቃል ብለሽኝ ነበር፤ ይኸው አስረዘምኩት።

ይህ ደብዳቤ አራት ቀን ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ አራት ቀን አልችልም። ስለዚህ ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ የዕረፍት ደወል ሲደወል፣ ርዕሰ መምህሩ ጋ እደውላለሁ። አንቺ ክፍል ከሆንሽ ላነሡት ሰው እነግራቸዋለሁ። ጋዜጣቸውን አጥፈው ጮክ ብለው ይናገሩት፤ መምህራኑም ልጆቹም ይስሙት። ይህን ስታነቢ ሁሉም ሰምቶ አድሯል።

እታለም